ጣሳም ይደክመዋል

በዘጠኝ ዓመቴ የሰፈሩ ታማኝ ሰው እኔ ነበርኩ። ለጉራ አይደለም የምለው፤ ጉራዬን ያኔውኑ ጨርሼዋለሁ። ሃያ ስምንት ማሳ ውሃ የሚከፈትለትና የሚዘጋበት በእኔ አፍ ነበር። «ሞላ!» ስል አንድ ይቆጠራል፤ «በቃ!» ስል የአንዱ ተራ አልቆ የሌላው ይጀምራል። ጢማቸው የሸበተ ሰዎች አካፋቸውን ተደግፈው አፌን አፌን ሲያዩ ትዝ ይለኛል። ስሜን የሚያውቅ ብዙም አልነበረም። «ጣሳዋ» ሲባል ግን ያቺ ቀጭኗ የውሃ አባት ልጅ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሰፈራችን በላይ ምንጭ የሚሞላው ኩሬ ነበር። ሌሊቱን ይጠራቀማል፤ ጠዋት አባቴ የብረት መዝጊያውን ያነሳና ውሃው በቦዩ ወደ ማሳዎቹ ይወርዳል። በቀን አራት ማሳ፣ በሳምንት ሃያ ስምንት። የእያንዳንዱ ተራ የሚለካው በጣሳ ነው። ቂጡ በሚስማር የተበሳ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውሃ በሞላ ባልዲ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው በቀዳዳው ቀስ እያለ ይገባበትና ሲሞላ ቡልቅ ብሎ ይሰምጣል። ይኼ አንድ ጣሳ ይባላል። እኔ እጄን ሰድጄ አወጣዋለሁ፣ ውሃውን ደፍቼ መልሼ አንሳፍፈዋለሁ፣ አንድ ጠጠር ጉያዬ ውስጥ እጥላለሁ።

የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ግን የአንዱ ሰዓት ከሌላው ይቀድማል፣ ሁሉም የሚያምነው የራሱን ነው፣ በዚህ የተነሳ አካፋ ተማዘው ያውቃሉ። በጣሳ ተጣልቶ የሚያውቅ ግን የለም ይሉ ነበር። ጣሳውን የሚጠብቅ ደግሞ ሁልጊዜ ልጅ ነው። ልጅ ማሳ የለውም፤ ማሳ የሌለው ሰው ለማን ብሎ ያጭበረብራል?

አባቴ ውሃውን እንዲያከፋፍል የውሃ አባት ተብሎ በሰው ሁሉ የተመረጠ ነበር። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጎ በቦዩ ዳር ሲሄድ ከዓለም ሁሉ የሚበልጥ ሰው አልነበረም። ሲከፍትም ሲዘጋም ማንንም አያይም፤ የእኔን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔና እሱ ተናበን ስንሠራ ኩራቴ ሆዴን ይሞላው ነበር። ሆዴን የሚሞላ ሌላ ነገር ስላልነበረ ነው መሰለኝ፣ ያን ኩራት ከምግብ እኩል አስታውሰዋለሁ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ለሁለተኛ ጊዜ ቀረ። ትልልቆቹ አንጋጠው ሲማረሩ እኔ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ በውሃ እጦት ተዘግቶ ቀኑን ሙሉ ከአባቴ ጋር መዋል ጀምሬያለሁ። ዳገቱ ላይ በዝናብ ብቻ የሚበቅለው እህል ሳያሽት ደረቀ። ነፋስ ሲነሳ የማሳው አፈር በር በራችን ላይ እየመጣ ይቆለላል፤ እናቴ በቀን ሦስት ጊዜ ትጠርጋለች።

ለእኔ ድርቅ ማለት ግን ባለሱቁ ነበር። እናቴ ያንኑ ገንዘብ አስጨብጣ ትልከኛለች፤ የማመጣው ዱቄት በየሳምንቱ ያንሳል። መጀመሪያ በሁለት እጄ አቅፌ፣ ቀጥሎ በአንድ እጄ አንጠልጥዬ፣ ኋላ በጋዜጣ ተጠቅልሎልኝ በኪሴ። ባለሱቁ በየቀኑ «ዛሬ ግዙ፣ ነገ ይጨምራል» ስለሚል ስሙ ነገ ይጨምራል ሆኖ ቀረ። «ከነገ ይጨምራል ቤት ዘይት አምጪ» ትለኛለች እናቴ፣ እሱ ፊትም ሳይቀር። ዘይቱ በጠርሙስ መሸጡ ቀርቶ በሻይ ብርጭቆ ሆነ። እንቁላል ጭራሽ ከቤታችን ጠፋ። እኔ ይኼ ሁሉ የሰውየው ስስት መሰለኝ። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣

«ለምን ትንሽ አትጨምርልንም? አባቴ እኮ የውሃ አባት ነው» አልኩት።

ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሳቀ። «በያ አባትሽ ውሃ ይጨምርልኝና እኔ ዱቄት እጨምራለሁ» አለኝ።

ማታ በእራት ሰዓት ለአባቴ ስነግረው አልሳቀም። ሾርባውን ማማሰል ያዘ። ሾርባው ውስጥ የሚማሰል ብዙ ነገር አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ኩሬው ቀነሰና የሁሉም ተራ ከአሥር ጣሳ ወደ ስድስት ወረደ። ሐሙስ ሐሙስ ሦስተኛው ተረኛ ባለወፍጮው ነበር፤ ሰፊ የሽንኩርት ማሳ አለው። አራተኛዋና የመጨረሻዋ አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ባሏ ሞቶባት ከአንዲት ልጅዋ ጋር ነው የምትኖረው። ልጅቷ እኩያዬ ናት፤ ሕፃን እያለች ጉንጯ እንደ ዳቦ የተነፋ ስለነበር ድንቡሼ ይሏታል። በዚያ ዓመት ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቶ አጥንቷ ሲወጣም ያው ድንቡሼ ነበረች።

አክስቴ ማሳዋን በሙሉ በቆሎ ዘርታ ነበር። «ነገ ይጨምራል የፈለገውን ይጨምር፤ እኛ በቆሎአችንን እንበላለን» ትል ነበር። ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች፤ እናቴ እጇ ይከብዳል፣ የአክስቴ ይቀላል። በየዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት እሸቶች ሲደርሱ አንዱ ለልጅዋ፣ አንዱ ለእኔ ነበር። ያን ያህል ትወደኝ ነበር፤ ያን ያህልም እወዳት ነበር።

ጣሳው ከተቀነሰ በኋላ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ የባለወፍጮው ተራ ከመግባቱ በፊት አባቴ ወደ እኔ መጣ። ከኮቱ ውስጥ ሌላ ጣሳ አወጣ። ያው የድልህ ጣሳ ነው፣ ያው ቀይ ቲማቲም የተሣለበት፤ ልዩነቱ የነባሩ ጣሳ ሥዕል ተላልጦ አፉ ትንሽ ተቆልምሟል፣ የዚህኛው ሥዕል ገና ያብረቀርቃል።

«ለዚህኛው ተራ ይኼን አድርጊ። ያ ሽማግሌ ይረፍ፤ ደክሞታል» አለኝ።

«ጣሳም ይደክመዋል?»

«ጠዋቱን ሙሉ ሲሰምጥ ሲወጣ የዋለ እንዴት አይደክመው? አንቺን አሥራ ሁለት ጊዜ ብነክርሽ አይደክምሽም?»

ሳቅኩ። እሱም ፈገግ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ለሰው እንዳትነግሪ። ጣሳ የሚያሳርፉ ጅሎች ብለው ይስቁብናል» አለኝ።

አልነገርኩም። ነባሩን ጣሳ ሽማግሌው፣ አዲሱን ጎረምሳው ብዬ ስም አወጣሁላቸው። ሐሙስ ሐሙስ የባለወፍጮው ተራ ሲደርስ ሽማግሌውን ጠራርጌ ባዶው የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ አስተኛውና ጎረምሳውን አወጣለሁ። ለአክስቴ ተራ ደግሞ ያረፈውን ሽማግሌ እመልሳለሁ። እንዲያውም አክስቴ የምታገኘው በደንብ ያረፈውን ጣሳ ስለሆነ ዕድለኛ ናት ብዬ አስብ ነበር።

ጎረምሳው ሰነፍ ነበር። ይኼን አስተውያለሁ። ሽማግሌው እንደ ደንቡ ሲሰምጥ ይኼ ባልዲው ላይ ቀብረር ብሎ ይንሳፈፋል፣ አፉ ድረስ ሞልቶ እንኳ እንቢ ይላል። ገና ሥራ ስላልለመደ ነው አልኩ። በጥፍሬ መታ መታ እያደረግኩ «ቶሎ በል እንጂ» እለው ነበር። ባለወፍጮው ማሳው ውስጥ ሱሪውን ሰብስቦ በጭቃው መሀል ይመላለሳል፤ ወደ እኔ ቀና ብሎ «የኔ ጎበዝ!» እያለ እጁን ያወዛውዝልኛል። እኔም አወዛውዝለታለሁ።

የዚያን ሳምንት ዓርብ ከበራችን ኋላ ሙሉ ማዳበሪያ ዱቄት ቆሞ አገኘሁ። ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎበታል። እናቴን ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኋት።

«ከወፍጮ ቤት።»

ዱቄት ከወፍጮ ቤት ካልመጣ ከየት ሊመጣ? መልሱ በቃኝ። እናቴ ዳቦ ስትጋግር በሩንም መስኮቱንም እንድዘጋ አዘዘችኝ። ቤቱ እንደ ምድጃ ጋለ፤ ላቤ ባገጬ ይንጠባጠባል። «እማዬ፣ ትንሽ ልክፈተው?» ስላት «አቧራ ይገባል፣ ተይው» አለችኝ። የዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ይኼ የገባኝ አድጌ፣ የራሴን ልጆች ማብላት ስጀምር ነው። እናቴ ትፈራው የነበረው የሚገባውን ሳይሆን የሚወጣውን ነው፤ ትኩስ ዳቦ በዚያ ወቅት ሦስት ቤት አልፎ ይሸታል።

ሁለተኛውን ዳቦ ስትቆርስ፣ «ለአክስቴ ላድርስላት?» አልኩ። ድሮም ከጋገርን ለእሷ ማድረስ የእኔ ሥራ ነበር።

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አክስትሽ ዱቄት አላት» አለች። አባቴ ወደ ሳህኑ እያየ ያኝክ ነበር።

በቆሎው ጸጉር ሊያወጣ ሲል ቅጠሉ እንደ ሲጋራ መጠቅለል ጀመረ። ሐሙስ የአክስቴ ተራ ገብቶ ሦስተኛውን ጣሳ «ሞላ!» ስል ድንቡሼ በቦዩ ዳር እየሮጠች ትመጣለች። «ውሃው ቆመ እኮ!» ትለኛለች እያለከለከች። እውነቷን ነው፣ ኩሬው ተንጠፍጥፎ ጭቃው ይታያል። እኔ ግን ሥራዬን አላቋርጥም። ደረቅ ቦይ አጠገብ ተቀምጬ አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን ቆጥሬ «በቃ!» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ታች ድረስ እንዲሰማ። የአክስቴን ተራ አላጎደልኩም ማለቴ ነበር። ዛሬ ያን «በቃ» ሳስታውሰው ያመኛል።

በአምስተኛው ሳምንት አክስቴ ስብሰባ አስጠራች።

ሰዉ ኩሬው ግንብ ላይና ዙሪያውን ተቀመጠ። እኔ ቦርሳዬን አዝዬ ባልዲው አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ያለ እኔ ስብሰባው የሚጀመር አልመሰለኝም። አክስቴ ተነሳች። አባቴን ሁልጊዜ «ጋሼ» ነበር የምትለው። የዚያን ቀን ግን እንደ ባዳ፣

«የውሃ አባት» አለችው፣ «ስድስት ጣሳ ተብሎልኝ ሦስተኛው ላይ ውሃው ይቆማል። አራት ሐሙስ ሆነኝ።»

«ድርቅ ነው እህቴ። ኩሬው መቀነሱን አንቺም ታዪዋለሽ» አላት አባቴ፣ ለስለስ ብሎ።

«ኩሬው ለሁሉም ነው የቀነሰው። እኔ ማሳዬ ጥግ እንጨት ተክዬ ጎኑ ድንጋይ አስቀምጫለሁ። በባለወፍጮው ተራ የእንጨቱ ጥላ እስከ ድንጋዩ ድረስ ይሄዳል። ከእሱ በፊት ባሉት ሰዎች ተራ የዚያን ግማሽ አይሄድም። ሁላችንም ስድስት ጣሳ ነን እየተባለ ይኼ እንዴት ይሆናል? ቆጠራው ጋ አንድ ነገር አለ።»

«ጥላ በጠዋትና በቀትር እኩል አይሄድም፣ እመቤቴ» አለ ባለወፍጮው ከተቀመጠበት።

«ፀሐይም ከነገ ይጨምራል ተምራ ይሆናላ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰዉ ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም።

እኔ ግን «ቆጠራው» ከሚለው ቃል በኋላ ምንም አልሰማሁም። ጆሮዬ ጋለ። ቆጣሪዋ እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ የመጀመሪያዋን እሸት የምትሰጠኝ አክስቴ ሌባ አለችኝ። ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ ወደ እኔ ዞራ፣ «ልጅቷን ማለቴ አይደለም» አለች። ሰው ከሰደቡ በኋላ የሚባል ነገር መሰለኝና ይበልጥ ደሜ ፈላ።

አባቴ ጠራኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነ።

«ለእያንዳንዱ ሰው ስንት ትቆጥሪያለሽ ልጄ?»

«ስድስት።»

«ለባለወፍጮውስ?»

«ስድስት።»

«እንቅልፍ ወስዶሽ፣ ወይ ጨዋታ ይዞሽ ያውቃል?»

«በጭራሽ።»

ሁሉም እውነት ነበር። ዛሬ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ሳስታውሳቸው ምን ያህል ተጠንቅቆ እንደመረጣቸው አያለሁ፤ አንዳቸውም ውሸት የሚያስወሩ አልነበሩም። ያኔ የታየኝ ግን አባቴ ስሜን ሲከላከልልኝ ነው። እንባዬ መጣ።

አንድ አዛውንት፣ «ጣሳው ይፈተን፣ ይቁረጥልን» አሉ። አባቴ ራሱ ቦርሳዬን ከፍቶ ሽማግሌውን አወጣ። ሰዓት ያለው ሰው ሰዓቱን ያዘ። ሦስት ጊዜ አንሳፈፉት፣ ሦስቱንም ጊዜ እኩል ሰመጠ። እንዲህ ያለ ታማኝ ጣሳ! ሰዉ ጉርምርም ማለት ጀመረ፤ ይኼን ሁሉ ሰው ሥራ አስፈታችው የሚል ጉርምርምታ ነው።

አክስቴ መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። ዓይኗ በዓይኔ ትክክል ሆነ።

«የኔ ልጅ፣ የምትቆጥሪው በዚህ ጣሳ ነው?»

«አዎ።»

«በዚህ ብቻ?»

ጎረምሳው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ጠርዙ ጎድኔን ይወጋኛል። አባቴን አየሁት። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብሎ የጣሳውን ውሃ እያራገፈ ነበር፤ የተራገፈ ጣሳ መልሶ መላልሶ ያራግፋል። ጣሳ የሚያሳርፉ ጅሎች ብሎ ሰዉ ሲስቅብን ታየኝ። ደግሞም ተናድጄባታለሁ። አፌን ሞልቼ፣

«በዚህ ብቻ» አልኩ።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ዓይኗ ከፊቴ ወደ ቦርሳዬ ወረደ፣ ተመልሶ ወደ ፊቴ መጣ። ከዚያ እጇን ዘርግታ የወረደውን ማንገቻ ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ፣ የቦርሳዬን ክዳን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ቆለፈችው። እጇ እንደ ልማዱ ቀላል ነበር። ሰድባኝ ስታበቃ ልትለማመጠኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ነጠቅኋት።

ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። «በቃ። ልጅቷ ካለች በቃ» አለች። ሰዉ ተበተነ። አባቴ ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ይዞኝ ነበር፤ መዳፉ በላብ ርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ አክስቴን ፊት ነሳኋት። ጸጉሬን እናቴ ትሥራኝ አልኩ፤ ራሴን ቢያመኝም ቻልኩት። ድንቡሼንም አላናግርም። በቆሎው ላይ የወጣው ጸጉር ሳይረጥብ ደርቆ ረገፈ፣ አገዳውን ለከብት መኖ ሸጡት። ባለወፍጮው ሽንኩርቱን በጫነበት ሳምንት ነገ ይጨምራል የሽንኩርቱን ዋጋ ሦስት እጥፍ አድርጎት ነበር። አክስቴ ማሳዋን ሸጠች። የገዛው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

የሚሄዱ ቀን ሊሰናበቱን መጡ። እናቴ ዳቦ እየጋገረች ነበር፤ መስኮቱ ዝግ ነው። በሩ ሲንኳኳ እናቴ ዳቦውን በጨርቅ ሸፍና ጓዳ አስገባችው፣ እኔንም አብራ ገፋችኝ። አክስቴን ማኩረፌን አይታ አይደለም፤ ልጅ ስለሆንኩ ነገር ያመልጠኛል ብላ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ትኩሱን ዳቦ እየቆረስኩ በላሁ። ምላሴን አቃጠለኝ።

«ጣሳዋስ የለችም?» አለች አክስቴ።

«ወጥታለች» አለች እናቴ።

ድንቡሼ፣ «እማ፣ ዳቦ ዳቦ ይሸታል» አለች።

«ጎረቤት ነው የኔ እናት። ነይ እንሂድ» አለቻት አክስቴ።

አፌ ውስጥ ያለውን ዋጥኩ። እንኳን ሄዱ አልኩ። ልጅ ሳለሁ ከሠራሁት ሁሉ ሳስታውሰው የሚያሳፍረኝ ያ አንድ ጉርሻ ነው።

ለሠላሳ ሦስት ዓመት አክስቴን ተቀይሜ ኖርኩ። ሰው ስለ ክህደት ሲያወራ የእኔ ምሳሌ እሷ ነበረች። «የገዛ አክስቴ በዘጠኝ ዓመቴ በሰው ፊት ሌባ ብላኛለች» እያልኩ ለባሌ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለልጆቼ ሳይቀር ተርኬያለሁ። ደግሞ አሳምሬ ነው የምተርከው፤ ሰው እንባው እስኪመጣ።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረና ወደ እኔ አመጣሁት። ባለፈው ዓመት የድሮ ቤታችን ሊሸጥ ስለሆነ ዕቃ ለመለየት ሄድኩ። የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከመዶሻውና ከዛገው መጋዝ ሥር፣ ሁለቱን ጣሳዎች አገኘኋቸው። አንዱ አንዱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሳቅ ብዬ ተቀበልኳቸው፤ እንደ ድሮ ጓደኛ። ለልጆቼ ላሳያቸው ብዬ ቤት ይዣቸው መጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሞላሁና ሁለቱንም ጎን ለጎን አንሳፈፍኳቸው። ያኔ ጎን ለጎን አንሳፍፌያቸው አላውቅም፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ያርፍ ነበር። ሽማግሌው ሞላና ቡልቅ ብሎ ሰመጠ። ትንሹ ልጄ አጨበጨበ። አውጥቼ መለስኩት፣ ደግሞ ሰመጠ። ጎረምሳው ገና የመጀመሪያውን አልጨረሰም። አነሳሁትና ወደ ብርሃን አዞርኩት። የሽማግሌው ቀዳዳ የሚስማር ነው፤ የዚህኛው የመርፌ።

ልጄ «ይኼኛው ለምን ይቆያል?» አለኝ። ደክሞት ነው የሚለው መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ሳፋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ባለወፍጮው፣ ማዳበሪያው፣ መስኮቱ፣ በላብ የራሰው መዳፍ፣ ሁሉም በየተራው መጣ። ተራ መጠበቅ መቼም ለምዶባቸዋል።

የድንቡሼን ስልክ ከዘመድ ዘመድ ፈልጌ አገኘሁ። አክስቴ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ሃያ ዓመት ሆስፒታል ልብስ አጥባ ጡረታ ወጥታለች። የጣቶቿ ቆዳ ነጭና ሽብሽብ ሆኗል። አልተገረመችም፣ አላለቀሰችም፤ ወንበር ሰጠችኝ። ሁለቱን ጣሳዎች ከቦርሳዬ አውጥቼ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሁለት ነበሩ አክስቴ» አልኩ።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«የዚያኑ ቀን። ጋሼ አንዱን ሲያወጣ ክዳኑን ሳይዘጋው ቀርቷል። ቲማቲሙ ይታይ ነበር።»

ክዳኑን የቆለፈችው እጅ ያ ነው። «ታዲያ ለምን አላወጣሽውም? በቆሎሽ፣ ማሳሽ…» አልኳት።

«ባወጣው ማን ላይ እንደሚያላክክ ስለማውቅ ነዋ። ቦርሳው ያንቺ፣ ቆጣሪዋ አንቺ፣ ዋሽተሽም አልፈሻል። ማሳ ይሸጣል፣ ይገዛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ ተብላ የት ትደርሳለች?»

እዚህ ላይ ያደረግኩትን እነግራችኋለሁ፣ ደግም አይደለም። ተከላከልኩለት። «አባዬ በእኔ አያደርገውም» አልኩ። ጣሳዎቹን እያየሁ፣ ሁሉንም አውቄ፣ አሁንም ያቺ የውሃ አባት ልጅ ነበርኩ። በሌላ ሰው ይሆናል፤ በእኔ ግን አያደርገውም።

አክስቴ አልተከራከረችኝም። «እሺ የኔ ልጅ» ብላ ሻይ ልታፈላ ተነሳች።

ማታ እንደ ልማዴ አባቴን ሾርባ አበላሁት። ማንኪያ መያዝ ካቃተው ሁለት ዓመቱ ነው፤ አእምሮው ግን እንደ ድሮው ነው። የዳቦውን ፍርፋሪ ከአገጩ ጠረግኩለት። ድምፄ እንዳይለወጥ ተጠንቅቄ፣

«አባዬ፣ ያን የስብሰባ ቀን አክስቴ ቦርሳዬን ብትከፍተው ኖሮ ምን ትል ነበር?» አልኩት።

አልደነገጠም። ብዙም አላሰበም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

«ልጅ ናት፣ ጣሳ አሳስታ ነው እል ነበራ» አለ። «አንቺን ማን ይቀየምሻል? ልጅ ነበርሽ።»

ከዚያ አፉን ከፈተ፤ የሚቀጥለውን ማንኪያ እየጠበቀ።

ማንኪያውን መዳፉ ውስጥ አስቀመጥኩለት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍኳቸው፣ ሳህኑን ወደ እሱ አስጠጋሁና ወጥ ቤት ገባሁ። ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ሲንቀጫቀጭ እስከዚያ ድረስ ይሰማኝ ነበር። አልተመለስኩም።